መንግሥቱን ያጣ አባት፦ ደበበ እሸቱ በ«ቀይ ቅጠሎች»

በ2014 በኢየሩሳሌም የፊልም ፌስቲቫል «ቀይ ቅጠሎች» የተባለ ፊልም ምርጥ የመጀመሪያ ሥራ ተብሎ ተሸለመ። ዳይሬክተሩ ባዚ ጌቴ ነው፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ እስራኤል የገባ የእኛው ሰው። በዚያው ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነቱን ሽልማት ያገኙት ደግሞ የፊልሙን አዛውንት፣ መሰጋንዮ ታደላን፣ ሆነው የተጫወቱት ደበበ እሸቱ ናቸው።

እዚህ ገዴራ፣ ሻፒራ ሰፈር፣ የዚህ ፊልም ወሬ ሲነሣ ሰው በሁለት ይከፈላል። እዚሁ ተወልደው ያደጉት ሽማግሌውን ከያቭኔ ወይም ከቂርያት መላኪ ተለምኖ የመጣ የአንዱ ጓደኛቸው አያት አድርገው ያስቡታል። ከአዲስ አበባ ዘግይተው የመጡት ፊቱን ገና ሲያዩ «እንዴ! ደበበ እሸቱ አይደሉም?» ይላሉ፤ ፊልሙን ግን አብዛኞቹ አላዩትም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገን ለማስተዋወቅ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የወጣቶቹ ግምት ለአንድ ተዋናይ ከሽልማት የሚበልጥ ምስጋና ነው። ተዋናይ መሆናቸው እስኪረሳ ድረስ የሰፈር ሰው መስለዋል ማለት ነው። ነገር ግን ያ መምሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የአሥርት ዓመታት ሙያ አለበት። ሙያው ከየት እንደመጣ ሳናውቅ ፊልሙን ብናይ፣ ግማሹን ብቻ እናያለን።

ደበበ የወጡት ከቴአትር ነው። እሳቸው ወደ መድረክ በወጡበት ዘመን የአዲስ አበባ ቴአትር ትልልቅ ቤቶች ነበሩት። ሀገር ፍቅር በ1935 ተቋቁሟል። በ1955፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። በ1960ዎቹ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ተቋቋመና የተማሩ ወጣቶች ወደ መድረክ መውጣት ጀመሩ። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት «አዝማሪ» መባል ለብዙ ቤተሰብ ስድብ ነበር፤ ልጁ መድረክ ላይ ሊቆም ነው ሲባል የሚያለቅስ አባት አይጠፋም ነበር። ፀጋዬ ገብረ መድኅን፣ መንግሥቱ ለማና ተስፋዬ ገሠሠ የመሰሉ ሰዎች ከውጭ ተምረው ተመልሰው ተውኔት መጻፍና ማዘጋጀት ሲጀምሩ፣ ትወና በትምህርት የሚገኝ ሙያ መሆኑ ታየ።

ደበበ የትወና ትምህርታቸውን የተከታተሉት ሀንጋሪ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ በመተረክ ድምፁ በየቤቱ የገባው ወጋየሁ ንጋቱም እዚያው የተማረ የዘመን ጓደኛቸው ነው። በዚያን ጊዜ በምሥራቅ አውሮፓ የቴአትር ትምህርት ቤቶች የሩሲያዊው የስታኒስላቭስኪ መንገድ መሠረት ነበር። የመንገዱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ ተዋናዩ «ቃሌን እንዴት አሳምሬ ልበለው?» ብሎ አይጀምርም፤ «ይህ ሰው ወደዚህ ክፍል የገባው ምን ፈልጎ ነው? ፍላጎቱን የከለከለው ማን ነው?» ብሎ ይጀምራል። ልቅሶውም ሣቁም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ውኃ ሊጠጣ የገባ ሰውና የሰውን ጭቅጭቅ ሊያዳምጥ ውኃ በማስመሰል የገባ ሰው፣ ሁለቱም ብርጭቆ ያነሣሉ፤ አነሣሣቸው ግን አንድ አይሆንም። ይህን ልዩነት ማሳየት የሚችል ሰው ነው ተዋናይ የሚባለው።

መድረክ ሌላም ነገር ያስተምራል፤ ድምፅን። በትልቅ አዳራሽ መጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ቲኬት የገዛው እንደ ፊተኛው ነው፤ ቃሉ እሱም ዘንድ መድረስ አለበት። በተለይ የፀጋዬ አማርኛ ከባድ ነው፤ ትንፋሹን ያልገራ ሰው ከመካከሉ ይሰበራል። ፀጋዬ የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት»ና «ማክቤዝ» ወደ አማርኛ መልሷቸዋል። ስለዚህ ለዚያ ትውልድ ተዋንያን ሼክስፒር የሩቅ እንግሊዛዊ አልነበረም፤ በአማርኛ የሚቆጣና በአማርኛ የሚያብድ ሰው ያለበት ሥራ ነበር። ይህን ልብ ይበሉ፤ ወደ ፊት ያስፈልገናል።

ፊልምስ? ፊልም አልነበረም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የመጣው በ1974 ነው። በመካከላቸው የነበረው በጣት የሚቆጠር ነው። ፊልም ለመሥራት ካሜራ፣ ላቦራቶሪና ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ የተቀረጸው ጥሬ ፊልም ታጥቦ እንዲመለስ ባሕር መሻገር ነበረበት። ስለዚህ ለአንድ የኢትዮጵያ ተዋናይ የፊልም ዕድል በአብዛኛው የሚመጣው ፈረንጅ ካሜራውን ይዞ አገራችን ሲገባ ነበር።

በ1973 የሆነው ይኸው ነው። ሪቻርድ ራውንድትሪ የሚሠራበት የ«ሻፍት» ፊልም ሦስተኛው ክፍል፣ «ሻፍት በአፍሪካ»፣ በጆን ጊለርሚን ዳይሬክተርነት ተሠራ፤ ቀረጻውም በከፊል ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ሻፍት ማለት በኒው ዮርክ ጎዳና ቆዳ ካፖርቱን ለብሶ የሚንጎራደድ ጥቁር የግል መርማሪ ነው። የመጀመሪያው ፊልም በ1971 ሲወጣ፣ ማንንም የማይፈራ ጥቁር ጀግና ማየት ለአሜሪካ ጥቁሮች ራሱን የቻለ ዜና ነበር። በሦስተኛው ክፍል ሻፍት ወጣት አፍሪካውያንን ሥራ እንሰጣችኋለን እያለ ወደ አውሮፓ የሚሸጥ የባሪያ ንግድ መረብን ሊበጥስ ይላካል። (ያን ጊዜ ታሪኩ የተጋነነ መስሎ ይሆናል፤ ዛሬ በሜዲትራንያን የሚሆነውን ስናይ ግን አይመስልም።) ደበበ በዚህ ፊልም ዋሳ የተባለውን ሰው ሆነው ተጫወቱ። በዓለም ዙሪያ ሲኒማ ቤቶች የታየ የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ስም ያለው ቦታ ማግኘት በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያዊ ተዋናይ ቀላል ነገር አልነበረም።

ካሜራ ግን የመድረክን ሰው ይፈታተናል። መድረክ ላይ እጅህ ካልተነሣ የኋላው ሰው አያይህም፤ ካሜራ ፊት እጅህ ከተነሣ ማያውን ይሞላዋል። መድረክ ላይ ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል፤ ፊልም ላይ ሞትህን ሰኞ፣ ሠርግህን ሐሙስ ልትሠራ ትችላለህ። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩ ብዙ ጥሩ ተዋንያን ድምፃቸውን መቀነስ አቅቷቸው ተበላሽተዋል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ረጅምና ለፊልም የማይመች ነው። በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ መድረኩ በሳንሱር ውስጥ ቀጠለ። በአብዮቱ ሥልጣን የያዘው ደርግ ወድቆ ሌላ መንግሥት ከመጣ በኋላ ደበበ ወደ ፖለቲካው ተጠጉ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው ከቅንጅት ፓርቲ ሰዎች ጋር ታሰሩ፤ በ2011 ሴፕቴምበር ወር እንደገና ተይዘው ነበር፤ ተፈቱ። ስለዚህ ምዕራፍ ሰው እንደየፖለቲካው ብዙ ይላል፤ እኔ የማነሣው ለሙያው ስለሚጠቅም ብቻ ነው። «ቀይ ቅጠሎች» ላይ የምናየው ሰው ሥልጣን ሲገፋውና በር ሲዘጋበት ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ያነበበ ሰው አይደለም።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ።

መሰጋንዮ ታደላ የ74 ዓመት አዛውንት ነው። እስራኤል ከገባ 28 ዓመት ሆኖታል፤ ይህ ሒሳብ በሱዳን በኩል ወደመጡት ሰዎች ዘመን ያስጠጋዋል። ዕብራይስጥ እምብዛም አይናገርም፤ አማርኛውንም ቢሆን ቆጥቦ ነው የሚናገረው። ይዞት የመጣውን ባህል አጥብቆ ይዟል። ሚስቱ ትሞታለች። እሱም ቤቱን ይሸጥና ከእንግዲህ ቀሪ ዘመኑን ከልጆቹ ጋር ተራ በተራ ሊኖር ይነሣል። ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር፣ እሱ የሚያውቀው ዓይነት አባትነት በልጆቹ ቤት ቦታ እንደሌለው ይገነዘባል። ፊልሙ 80 ደቂቃ ያህል ነው፤ ታሪኩ ይኸው ነው።

በእኛ አካባቢ ቤት መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ፣ ሚሽካንታ ተበድሮ፣ በገዴራ ወይም በያቭኔ ሦስት ክፍል የገዛ ሰው ያ ቤት ርስቱ ነው። በ2012 መጀመሪያ በቂርያት መላኪ አንዳንድ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና ወጥቶ ሕዝባችን በብዛት ሰልፍ የወጣው፣ ነገሩ የአራት ግድግዳ ጉዳይ ስላልሆነ ነው። መሰጋንዮ ቤቱን ሲሸጥ በዚህች አገር በስሙ የተጻፈለትን ብቸኛ ነገር መስጠቱ ነው።

ታሪኩን የሚያውቁት ይመስላል? ያውቁታል። የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ነው። ባዚ ጌቴ ፊልሙን የሠራው ከዚያ ተውኔት ተነሥቶ ነው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ በተጻፈው በዚያ ተውኔት አንድ ሽማግሌ ንጉሥ መንግሥቱን ለልጆቹ ያካፍልና፣ ለራሱ የሚያስቀረው የንጉሥነት ክብሩንና 100 ፈረሰኛ አጃቢ ብቻ ነው፤ በየወሩ ከአንዷ ልጁ ወደ ሌላዋ እየተዘዋወረ ሊኖር። ከዚያ ድርድር ይጀመራል። አንዷ 50 ይበቃሃል ትለዋለች። ሌላዋ 25 ትላለች። ቀጥሎ 10፣ 5፣ በመጨረሻ አንድስ ምን ያደርግልሃል ይሉታል። ሼክስፒርን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፤ የአንድ አባት ክብር እንደ ገበያ ዕቃ ሲቀናነስ ቁጥሩ ጆሮ ላይ ይቀራል።

መሰጋንዮ ፈረሰኛ የለውም። ነገር ግን የሱ ትውልድ አባት አጃቢ ነበረው፤ ስናስተውል ነው የሚገባን። ሲገባ የሚነሡለት፣ እጁን የሚያስታጥቡት፣ ገበታው ላይ እሱ ሳይጀምር እጃቸውን የማይሰዱ፣ ሲናገር የማያቋርጡት፣ ሸንጎ ሲቀመጥ ቃሉን የሚጠብቁት። እዚህ ከመጣን በኋላ እነዚህ አንድ በአንድ ተቀነሱ። ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ይመጣል፣ የሚያነበው የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ሲኬድ የሚናገረው ልጁ ነው፣ አባት ከጎን ይቀመጣል። አንድ ቀን አባት ሲገባ ልጅ ሳይነሣ ቀረ፤ ስልክ ላይ ነበር። 50፣ 25፣ 10።

ንጉሥ ሊርን በስደተኛ አባት ውስጥ በማየት ባዚ ጌቴ የመጀመሪያው አይደለም። በ1892 በኒው ዮርክ ያዕቆብ ጎርዲን የተባለ ጸሐፊ በይዲሽ «የአይሁድ ንጉሥ ሊር»ን ጻፈ፤ ዋናውን ሰው የተጫወተው ያዕቆብ አድለር ነው። የጎርዲን ሊር የቪልና ሀብታም ነጋዴ ነው፤ በፑሪም ግብዣ ላይ ንብረቱን ለልጆቹ ያካፍልና እሱ ራሱ ወደ ቅድስት ምድር ሊሄድ ይነሣል። አዳራሹን የሞሉት ገና ከመርከብ የወረዱ፣ ወላጆቻቸውን ሩሲያና ፖላንድ ትተው የመጡ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ነበሩ። ተውኔቱን ያዩ ልጆች በማግሥቱ ባንክ ቤት ተሰልፈው ለወላጆቻቸው ገንዘብ ይልኩ ነበር ይባላል፤ እውነትም ይሁን ተረት፣ የሚገልጸው ነገር አለ። ለስደተኛ ሕዝብ «ንጉሥ ሊር» የነገሥታት ታሪክ አይደለም። ድንበር የተሻገረ አባት ሁሉ መንግሥቱን ወዲያ ማዶ ትቶ ነው የሚመጣው። በጎርዲን ሥራ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ወደ ኢየሩሳሌም ሊሄድ ሲነሣ ተዋረደ፤ የእኛው መሰጋንዮ ደግሞ ኢየሩሳሌም ያለችበት አገር ከገባ ከ28 ዓመት በኋላ። ከሁለቱ የቱ እንደሚከፋ አንባቢ ይፍረድ።

ይህን ሰው ማን ሊጫወተው ይችላል? ለዳይሬክተሩ ከባዱ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ተዋናይ ያልሆነን እውነተኛ ሰው ካሜራ ፊት ማቆም ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲያወጣ ገበሬዎቹን ገበሬ አድርጎ ቀርጿቸዋል፤ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀው አንዱ ምክንያት ያ ነው። ራዱ ሚሃይሌያኑ በ2005 ለዓለም ባሳየው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» በተባለው ፊልም ደግሞ አንዱን ልጅ በሦስት ዕድሜ ሦስት የእኛ ልጆች ተጫውተውታል፤ ትልቁን የሠራው ሲራክ ሳባሐት ነው። ይህ መንገድ እውነት ያመጣል። ችግሩ፣ ተዋናይ ያልሆነ ሰው ራሱን ነው የሚሆነው። አንድ ትዕይንት አሥር ጊዜ ሲደገም በአሥረኛው ይደክመዋል፤ ውርደትን ተጫወት ሲባል ደግሞ እውነተኛ ሽማግሌ እምቢ ይላል። ልክ ነው። የትኛው የእኛ አባት ነው ልጁ ቤት ሲዋረድ ለካሜራ የሚያሳየው?

ሌላው መንገድ የሠለጠነ ተዋናይ ማምጣት ነው። እዚህ አገር የሠለጠኑት ተዋንያኖቻችን ያን ጊዜ ወጣቶች ነበሩ፤ ዮሲ ቫሳን የመሰሉ፣ በዕብራይስጥ መድረክ ያደጉ። የአባቶቻችን ትውልድ ከጎንደር ገጠር የመጣው አራሽ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ሆኖ ነው እንጂ የቴአትር ቤት ደጃፍ አላየም። የ70 ዓመት፣ አማርኛ የጠገበ፣ ሼክስፒርን በሙያ ሊሸከም የሚችል ሰው ከፈለግህ አዲስ አበባ መሄድ ነበረብህ። ተዋናዩ የተገኘውም ከዚያው ነው።

ሌሎቹ ታላላቅ ሊሮችና አባቶች በማስመሰል ነበር ያረጁት። ጃፓናዊው ዳይሬክተር ኩሮሳዋ በ1985 ከ«ንጉሥ ሊር» ተነሥቶ «ራን»ን ሲሠራ ሽማግሌውን መስፍን የተጫወተው ታትሱያ ናካዳይ ገና በ50ዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ ፊቱን የሚያስረጁት በሰዓታት ቅባት ነው። ሐይም ቶፖል በ1971 ቴቭዬ የተባለውን አይሁዳዊ አባት በፊልም ሲጫወት 35 ዓመቱ ነበር። ደበበ ይህ አላስፈለጋቸውም፤ ዕድሜው የራሳቸው ነው። ግን ዕድሜ ብቻውን ትወና አይደለም። በአዲስ አበባ ከተማ፣ በቴአትር ቤትና በፖለቲካ የኖረ ምሁር የገጠር ቤተ እስራኤል አባት መሆን ነበረበት፤ ከአንገት አያያዙ ጀምሮ ሌላ ሰው ነው። ተመልካቹ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በየሰፈራችን ያሉ አያቶች ጋቢ አለባበስን፣ ሰላምታ አሰጣጥን፣ የጎንደርን አነጋገር በደቂቃ ይፈትናሉ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ዝምታው ነው። ድምፅን እስከ አዳራሹ ጥግ ለማድረስ የተማረ ሰው፣ በሕይወቱ ትልቁን የፊልም ሚና ሲያገኝ፣ ሚናው እምብዛም የማይናገር ሰው ሆነ። ዋናውን መሣሪያህን አስቀምጠህ ተዋጋ እንደማለት ነው። እዚህ ላይ የሀንጋሪው ትምህርት ይታያል። መሰጋንዮ ዝም ሲል ባዶ ሆኖ አይደለም፤ አንድ ነገር እየፈለገ ነው። ተጋባዥ መሆን አይፈልግም፣ ባለቤት መሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ራሱ ጥያቄ አለበት፦ የእንግዳ አቀማመጥ ነው የአባወራ? ሌሎች ሲያወሩ ማዳመጡም ሥራ ነው። መጥፎ ተዋናይ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ጥሩ ተዋናይ የሰማው ነገር ሲያቆስለው ያሳያል፣ ከዚያም ቁስሉን ሊደብቅ ሲሞክር ያሳያል። የእኛ አባቶች ደግሞ ቁስል የሚደብቁ ናቸው። ንዴቱ ሲወጣም፣ ለረጅም ጊዜ ስለታመቀ፣ አጭር ቃል ይበቃዋል።

ፊልሙን የምነቅፍበት አለኝ። ታሪኩ በአባትየው በኩል ስለሚሄድ የልጆቹ ድካም ከጎን ይቀራል። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ልጆቹን ዕብራይስጥ ብቻ የሚያናግር ወንድ ልጅ ከሐዲ አይደለም፤ እሱም በሁለት ወፍጮ መካከል ያለ ነው። ሼክስፒርም ቢሆን ለትልልቆቹ ልጆች አላዘነላቸውም። በ2008 የሽሙኤል በሩ «ዘሩባቤል» ይህን በሌላ በኩል ሞክሮታል፤ እዚያ አገር ቤት የተከበረ መኮንን የነበረ አባት እዚህ መንገድ ይጠርጋል፣ የልጅ ልጁ ግን ካሜራ ይዞ ሰፈሩን ይቀርጻል። የ«ነብሱ» ተከታታይ ኮሜዲ ደግሞ ጉዳዩን በሣቅ ወስዶት በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አገኘ። ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ሙሉውን አይናገርም።

ለማየት የሚፈልግ ከ«ሻፍት በአፍሪካ» ቢጀምር እመክራለሁ፤ ለጥበቡ ሳይሆን የ1973ቱን ደበበ ለማወቅ። ሁለቱን በተከታታይ ያየ ሰው፣ በ41 ዓመት ውስጥ አንድ ተዋናይ ምን እንደጨመረና ምን እንደጣለ በዓይኑ ያነጻጽራል። የጣለው ይበልጥ ይታየዋል።

«ቀይ ቅጠሎች»ን ግን ብቻችሁን አትዩት። በሙዐዶን ወይም በሳሎን፣ አያቶችና የልጅ ልጆች አንድ ላይ ተቀምጠው ይዩት። በፊልሙ ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ። አማርኛው ሲመጣ የልጅ ልጆች የታችኛውን ጽሑፍ ያነባሉ፣ አያቶች በቀጥታ ይሰማሉ። ዕብራይስጡ ሲመጣ ልጆች ዘና ይላሉ፤ አያቶች፣ ዕብራይስጥ የማይሰሙት፣ በመሰጋንዮ ቦታ ይቀመጣሉ፤ በቤቱ ውስጥ ሰው እየተነጋገረ ምን እንደሚባል ሳያውቁ ፊት ብቻ ያነባሉ። ስለዚህ በእነዚያ ትዕይንቶች ላይ ማንም አይተርጉምላቸው። ፊልሙ ሲያልቅ የልጅ ልጆቹ ይጠይቁ፦ «አባባ፣ እዚያ ጋ ምን ያሉት መሰለዎት?» መልሱን ከተነገረው ጋር ያስተያዩት፤ አያትዬው ከቃሉ ስንቱን፣ ከደበበ ፊት ደግሞ ስንቱን እንዳገኙ ከዚያ ይታወቃል።